ጠጄ ወንዙን የተሻገረች ዕለት

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ወንድሜ ለጋሼ ሳህሌ
ድሬዳዋ

እንደምን ከርመሃል ወንድም ጋሼ? ያ ራስ ምታት ተወህ ወይ? የድሬዳዋ ሙቀትስ እንዴት አድርጎሃል? እማዬ ምሳ በቀረበ ቁጥር «ልጄ እዚያ እሳት አገር ውሃ በደንብ ይጠጣ ይሆን?» ትላለች። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ሚስትህ ጠጄ ደህና ናት፣ ወተቷም ሞልቷል። ልጅህም ደህና ናት፤ ከመወፈሯ የተነሳ አንገቷ ጠፍቷል። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩልህ ከዚህ በታች ያለውን ስታነብ እንዳትደነግጥ ነው።

በነሐሴ የላክንልህ ቴሌግራም «ጠጄ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሁለቱም ደህና ናቸው» ብቻ ይል ነበር። ውሸት የለበትም፤ ያልተነገረህ ግን ብዙ ነው። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩህ ነገሩ መቋጫ እስኪያገኝ ብዬ ነው። በሩቅ ሆነህ ምንም ልታደርግ በማትችለው ነገር እንቅልፍ እንዳታጣ ፈራሁ። አሁን መቋጫውን ስላገኘ አንድም ሳላስቀር እነግርሃለሁ። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ካቻምና ሐምሌ ጎርፉ የእንጨት ድልድያችንን ከወሰደው ወዲህ ሰፈራችን ከጣቢያው፣ ከፋብሪካውና ከክሊኒኩ ተቆርጦ እንደቀረ ታውቃለህ። በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለልን እናልፋለን። ክረምት ሲገባ ግን ወይ በመኪናው ድልድይ አንድ ሰዓት ሙሉ መዞር ነው፣ ወይ በባቡሩ ድልድይ ተደብቆ መሻገር ነው፤ እሱም ክልክል ነው። አዲስ ድልድይ እንዳንሠራ የያዘንንም አትረሳውም። እኛ የላይኛው እድር ሰዎች፣ የባቡርና የፋብሪካ ሠራተኞች፣ «በእኛ በኩል ይሁን» አልን። የታችኛው እድር ሰዎች፣ የአገሩ ነባር ገበሬዎች፣ «ከብቶቻችን በሚወርዱበት በኩል ይሁን» አሉ። አንተ የእድራችን ጸሐፊ ነበርክ፤ ከእነሱ ወገን ደግሞ ኦልጅራ ነበር ብዙ የሚናገረው። በመጨረሻው ስብሰባ የተለዋወጣችሁት ቃል ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። እሱ የሀዲድ ጠባቂ፣ አንተ የባቡር መካኒክ፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ሆናችሁ እንደተኮራረፋችሁ ወደ ድሬዳዋ ተዛወርክ። አልወቅስህም። ያን ጊዜ እኔም ከአንተ ጋር ነበርኩ።

ነሐሴ አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ ጠጄን ምጥ ያዛት። እማማ አስካለች መጡ፤ የሰፈሩን ልጆች ግማሽ ያዋለዱት እሳቸው አይደሉ? ሦስት ሰዓት ሲሆን ከጓዳ ወጥተው እጃቸውን እየታጠቡ «ልጁ በእግሩ ነው የመጣው። ከእኔ አቅም በላይ ነው። ክሊኒክ አድርሷት፣ አሁኑኑ!» አሉ። እማዬ እዚያው መሬት ላይ ዘጭ አለች። እኔ ደጅ ወጥቼ ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም።

ሰው ተሰበሰበ። የእኛ እድር ቃሬዛ ተሰብሮ ሳይጠገን ስለነበር የታችኛውን እድር ቃሬዛ አመጡልን። ሁለት ሰው ከእኛ፣ ሁለት ሰው ከእነሱ ገብተው ተሸከሟት። የኦልጅራ ሚስት ዳሲቱ ወተቷን ይዛ ለመሸጥ ስትወጣ አገኘችን። ዕቃዋን ደጃችን ላይ ጥላ፣ ማንም ሳይጠራት፣ ከቃሬዛው ጎን ሆና የጠጄን እጅ ያዘች። በመኪናው ድልድይ ለመዞር ጊዜ የለም። በቀጥታ ወደ ባቡሩ ድልድይ ወረድን።

ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ድልድዩ አፍ ላይ ኦልጅራ ባንዲራዎቹን በብብቱ ይዞ ቆሟል። ሥራው ሰው እንዳያልፍ መከልከል ነው። ከፊት ነበርኩና ሲያየኝ ፊቱ ጠቆረ። «የሳህሌ ሚስት ናት» አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እንጃ፤ ከማሳለፍ ይልቅ የሚያስከለክል ነገር ነው። እሱ ግን ቃሬዛው ላይ ያለችውን አየና «የማንም ሚስት ትሁን፣ ምጥ ላይ ናት» አለ። ቀጥሎም «የዕቃ ባቡር ከዱከም ተነስቷል። የት እንደደረሰ አላውቅም። እኔ ወደ እሱ ልሩጥ፣ እናንተ ግቡ። ወደ ኋላ እንዳታዩ!» ብሎን ቀዩን ባንዲራ ዘርግቶ በሀዲዱ ላይ ሮጠ።

በዚያ ድልድይ አግዳሚ እንጨቶች መካከል ቁልቁል ውሃው ይታያል። ተሸካሚዎቹ እግራቸውን በዳበሳ እያስቀመጡ ይሄዳሉ። ጠጄ «አውርዱኝ፣ አውርዱኝ» ትላለች። ዳሲቱ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እያቀላቀለች «አይዞሽ፣ እኔን እዪ፣ ታች አትመልከቺ» ትላታለች። መካከሉ ላይ ስንደርስ ከኋላችን የባቡሩ ጡሩምባ ጮኸ። ከዚያ ብረት ከብረት ሲፋተግ ሰማሁ፤ እግሬ ሥር ያለው እንጨት ተንቀጠቀጠ። ወንድም ጋሼ፣ ያን ጊዜ ያሰብኩት አንተን ነው። ለአንተ ምን ብዬ እጽፋለሁ፣ አልኩ። ወደ ኋላ የዞረ ሰው አልነበረም።

ባቡሩ ድልድዩ አፍ ሊደርስ ሃያ እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ይህን የሰማነው በኋላ ነው። ኦልጅራ ኩርባውን አልፎ ሲሮጥ ኮረቱ ላይ ወድቆ ጉልበቱ ተሰንጥቆ ነበር። መነሳት ሲያቅተው ቁጭ እንዳለ ባንዲራውን ሲያውለበልብ ነው ነጂው ያየው። ልጅህ ክሊኒክ በገባን በግማሽ ሰዓት ተወለደች፣ በእግሯ። የክሊኒኩ ድሬሰር ላቡን እየጠረገ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ…» አለ።

ደስታችን ግን ሦስት ቀን አልሞላም። ኦልጅራ ከሥራ ታገደ። ደንቡ ነው፤ ሰው በድልድዩ አሳልፏል፣ ባቡርም ያለ ትእዛዝ አስቁሟል። አምስት ልጆች ያሉት ሰው! ቤቱ ስሄድ ጉልበቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ደጅ ተቀምጦ አገኘሁት። ስለ እኛ የደረሰበትን አንስቼ ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር «ልጅቷ ጠባች?» አለኝ። «ጠባች» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ስመለስ መንገዱን በሙሉ አለቀስኩ።

በማግስቱ አቤቱታ ጻፍኩ። ስድስተኛ ክፍል እስክትጨርሺ ከትምህርት ቤት አላስወጣሽም ብለህ ያስተማርከኝ ለዚህ ነበር መሰለኝ። ከፋብሪካ ስወጣ ቤት ለቤት እየዞርኩ አስፈረምኩ፤ መፈረም የማይችለው በጣቱ አተመ። ከሁሉ የፈራሁት የእድራችንን ዳኛ አቶ በዛብህን ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡና «የእኔን ስም ከላይ ጻፊው፣ ከቀጀላ ስም ጎን» አሉኝ። አባባ ቀጀላ የታችኛው እድር ዳኛ ናቸው፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዓመት ሙሉ ተነጋግረው አያውቁም። ወደ ጣቢያው የሄድን ዕለት ወንዙ ጎደል ብሎ ነበርና እስከ ጉልበታችን እየራስን ተሻገርን። አባባ ቀጀላ አቶ በዛብህን ክንዳቸውን ይዘው ሲያሻግሯቸው አየሁ። እኛ የጥጥ ፋብሪካው ሴቶች ጥጡ ጸጉራችን ላይ እንዳለ ከኋላ ተከተልን። ሁለት መቶ ሰው ሳንሆን አንቀርም።

የጣቢያው ኃላፊ ወጥተው በትዕግሥት ሰሙን። ከእኛ ይልቅ የጠቀመው ግን የባቡሩ ነጂ ነው። ራሱ መጥቶ «ያ ሰው ባይሮጥ ኖሮ ኩርባውን ስጨርስ ሰዎቹ ላይ ነበርኩ» ብሎ ቃሉን ሰጠ። ኦልጅራ ዕንቁጣጣሽ ባለፈ በአምስተኛው ቀን ሥራው ላይ ተመለሰ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አልቀረለትም፤ ትንሽም ያነክሳል። «ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ልጅቷ ስታድግ አሳያታለሁ» ብሎ ሳቀ።

እዚህ ላይ የምነግርህ ላያስደስትህ ይችላል። መስከረም አሥር፣ እሑድ፣ ሁለቱ እድሮች ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ተሰበሰቡ። ገና ከመጀመሩ የድልድዩ ቦታ ተነሳና የድሮው ጭቅጭቅ ሊያገረሽ ሆነ። ሴቶች ከኋላ ነበርን፤ እንዴት እንደተነሳሁ ሳላውቅ ቆሜ ተገኘሁ። «ወንድሜ ሳህሌ ድልድዩ በላይ በኩል ይሁን ብሎ ተከራክሯል፣ እኔም ከእሱ ጋር ነበርኩ። ዛሬ ግን የትም ይሁን፣ ብቻ ይሠራ» አልኩ። ከዚያ አባባ ቀጀላ ተነስተው «እንግዲያው በላይ በኩል ይሁን፤ ባሕር ዛፉን ከእኔ ቦታ ቁረጡ» አሉ። አቶ በዛብህ ደግሞ ብድግ ብለው «የለም፣ በታች በኩል ነው የሚሆነው» አሉ። ይህን ብታይ በሳቅ ትሞት ነበር፤ አሁን ደግሞ እንካ አልቀበልም በመባባል ሊጣሉ ሆነ! በመጨረሻ አንድ ግንበኛ ወርዶ አፈሩን አየና አለቱ ያለው በታች በኩል መሆኑን ነገረን። እዚያ ሆነ። አንተ የተከራከርክለት ቦታ አይደለም፤ በሕይወቴ ከቃልህ የወጣሁት ይህን አንዴ ነው፣ አትቀየመኝ።

ሥራው መስከረም ሃያ ሦስት ተጀመረ። በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ ይቆፍራሉ፣ ሴቶቹ ድንጋይ እናቀብላለን፤ ጣቢያውም ያረጁ አግዳሚ እንጨቶች ሰጥቶናል። ሁለቱ ምሰሶዎች ቆመዋል። እጄ በድንጋዩ ተልጦ ይህን ስጽፍልህ ብዕሩን በደንብ አይዝም።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። የልጅህ ክርስትና ኅዳር አራት ነው። ስም አንተ ታወጣላታለህ ብለን እስካሁን «ሚጣ» እያልናት ነው። ጠጄ ዳሲቱ ክርስትና እናት እንድትሆናት ትፈልጋለች፤ ያለ ፈቃድህ ግን ቃል አልተነፈሰችም። ዳሲቱም በየጠዋቱ እየመጣች ወተት ታስቀምጣለች፣ ልጅቷን አቅፋ ትቆያለች፤ ምንም አትጠይቅም። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ከሰጡህ ራስህ ና። ካልሰጡህ ለእኔ መልስ ባትጽፍልኝ አልቀየምህም። ለኦልጅራ ግን ጻፍለት። ማንበብ አይችልም፤ ቤቱ ሄጄ አነብለታለሁ።

እማዬ «አማትበህ ተኛ፣ ጸሎትህን አትርሳ» ትልሃለች። ጠጄ የምትለውን ራሷ ጽፋ ከዚህ ጋር ትንሽ ወረቀት አጥፋ አስገብታለች፤ እኔ አላነበብኩትም። እማማ አስካለች፣ አቶ በዛብህና አባባ ቀጀላ ሰላም ብለውሃል። አብሮህ የሚኖረውን ወልደሚካኤልን የቴሌግራሙን መልስ ስለላከልን አመስግንልኝ። ሚጣ አሁን ነቅታ ጣቴን ይዛ ትታገለኛለች፤ ልቀቂኝ ብላት አልለቅ ብላለች።

እህትህ አቻምየለሽ

አቃቂ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1957 ዓ.ም.