እስኪቆርብ ምንም እንዳይቀምስ

ሐሙስ

አይሆንም አልኳት። እትዬ ዘሐራ ግን ወስና ጨርሳለች። እሑድ ልጄ አርባ ቀኑ ነው፤ ክርስትና መነሣት አለበት። ቤተ ክርስቲያኑ ከአዲሱ መንገድ ማዶ፣ ቀወት ዳገት ላይ ነው። መንገዱ ላይ ደግሞ የጣልያን ኬላ አለ። ባሌ ዱር ከገባ ወዲህ እየፈለጉኝ ነው፤ ኬላው ላይ መልኬን የሚያውቅ ባንዳ ተቀምጧል። እሷን ማንም አይጠረጥራትም። የራሷ ልጅ ፋጡማ ገና ጡት አልጣለችም። «ልጄ ነው ብዬ አሳልፈዋለሁ» አለች።

ሳይጠመቅ ቢሞትብኝስ? ቆላው ሕፃን አይምርም። በዚህ ወር ብቻ መንደሩ ሁለት ሕፃን ቀብሯል።

እስላም ቤት ውኃ እንኳ እንዳልቀምስ ተመክሬ ያደግሁ ነኝ። ይኸው ሦስት ወር ሙሉ በእትዬ ዘሐራ ጓዳ ተደብቄ ወተቷን እጠጣለሁ። እናቴ ብታየኝ ምን ትል ይሆን።

ዓርብ

የልጄን ጠጉር ላጨችው። አለቀስኩ።

የእነሱ ልጅ በሰባት ቀኑ ይላጫል። ኬላውን ከሚጠብቁት የጣልያን አስካሪ ወታደሮች መካከል እስላሞች ስላሉ፣ ይህን ጠጉር ካዩ ይነቁብናል አለች። ለእኔ በሐሳቤም አልመጣ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፤ እኔ ግን ስንት ዓመት ጎረቤቴን ሳላውቃት ኖሬያለሁ።

ቅዳሜ

አባቴ መሪጌታ ስለነበር ሥርዓቱን አውቃለሁ። ዛሬ ደጋግሜ ነገርኳት። ክርስትና አባቱ የሚሆነው አጎቴ እዚያ ይጠብቃታል። ልጁ ከተጠመቀ በኋላ ይቆርባል፤ እስኪቆርብ ምንም እንዳይቀምስ፣ ጡትም ቢሆን።

«እኔን ጦም ታስተምሪኛለሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። አፈርኩ።

እሑድ

ገና ሳይነጋጋ አዝላው ወጣች። ፀሐይ ከረረ፤ አልመጣችም። ፋጡማ ርቧት ስትጮህ አንሥቼ አጠባኋት።

ከቀትር በኋላ መጣች። ልጄ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። ማተቡን ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችኝ። ተጠምቋል! ተንበርክኬ መሬት ሳምኩ።

ከዚያ ሌላውን ነገረችኝ። ስትሄድ ኬላው ላይ አቁመዋታል። ልጁ በረሃብ አለቀሰ። አንዱ አስካሪ እናቱ ከሆንሽ ለምን አታጠቢውም አላት። አጠባችው። ቤተ ክርስቲያን ስትደርስ ይህንኑ ለቄሱ ነገረቻቸው። አጠመቁት፤ ለቁርባኑ ግን ጦሙን ጠብቆ በሚመጣው እሑድ ይምጣ አሉ።

ተናደድኩባት። ዝም ብትዪ ማን ያውቅ ነበር አልኳት። እንደገና በዚያ ኬላ ልታልፍ ነው።

«አምነሽ የሰጠሽኝን ጦም ልዋሽበት? እኔ ብሰጥሽ አንቺ ትዋሺብኝ ነበር?»

እዋሽ ነበር። ለእሷ አልነገርኳትም፤ እዚህ ግን ልጻፈው።

እሑድ ደግሞ ትሄዳለች፤ ቁርጥ አድርጋ ነግራኛለች። ማታ ስጸልይ ከልጄ ስም ቀጥሎ የእሷን ጠራሁ። ለእስላም ስጸልይ የመጀመሪያዬ ነው።