ሠላሳ ግራም በየማለዳው

ለተከበሩ ወንድም ጋሼ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ነገሩን በቅደም ተከተል ልጻፍልዎ። የላኩት የአኩሪ አተር ዱቄት ጥር 4 ደረሰን። ጥር 5 እናታችን መጠጣት ጀመሩ። በእህል ላቦራቶሪ ሥራዬ እንደለመድኩት በየማለዳው ሠላሳ ግራም እመዝናለሁ፤ በሞቀ ውሃ በጥብጬም፣ እንቅርታቸው በቀዶ ጥገና ከወጣ ጀምሮ የሚውጡትን ኪኒና በዚያው አስውጣቸዋለሁ። «አንቺ ልጅ፣ ለገበያ ልታደልቢኝ ነው?» ይሉኛል። ለጎረቤት ግን «ከአጠገቤ ካለችው ይልቅ የሩቁ ልጄ ያስብልኛል» ይላሉ።

ከየካቲት አጋማሽ ወዲህ በጠራራ ፀሐይ ሁለት ሹራብ ይደርባሉ። ፊታቸው አብጧል። መጋቢት 9 እርስዎ ሲደውሉ እናታችን ተኝተው ነበር፤ ከቀትር በፊትም ተኝተው ነው ያረፈዱት።

ትናንት ኪኒናውን ልገዛ ስሄድ ፋርማሲስቷ «በምን ይወስዱታል?» አለችኝ። ነገርኳት። «ውይ እኅቴ! አኩሪ አተር እኮ መድኃኒቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግደዋል። በመካከሉ አራት ሰዓት መቆየት ነበረበት» አለችኝ። ነገ ማለዳ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።

እናታችን ሰላም ብለውዎታል። ሰላምታቸውን ሲያስጽፉኝ ስምዎን ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። ቤተሰብዎን ሰላም በሉልኝ።

ላኪው እርስዎ ነበሩ፤ መዛኟ እኔ ነበርኩ። ሐኪማቸውን አንዳችንም አልጠየቅንም።

እኅትዎ