የዕድሩ ጥሩምባ በሳይክሌ ላይ

ይድረስ ለእናትም ለእህትም ለሆንሽኝ ለእትዬ ምንዳዬ
ዝዋይ

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ያ የሚነዝርሽ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? በዚህ ወር የሐይቁ ንፋስ ክፉ ነው፣ ጠቅልለሽው ነው የምትተኚው ወይስ እንደ ልማድሽ ችላ ብለሽዋል? ጋሽ ቸሩን ሳሉ ለቀቃቸው? ሐሴትስ ማቅለሽለሹ ቆመላት፣ እህል መቅመስ ጀመረች? ላሚቱ ወለደች ወይስ እስካሁን እያስጠበቀቻችሁ ነው? እኔ ቂርቆስ ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ክንዴ ላይ ካለች አንዲት ጭረት በቀር ምንም የለብኝ። ስለ ጭረቷም ቦታው ሲደርስ እነግርሻለሁና ከአሁኑ አትደንግጪ።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን በስልክ ያንቺን ጤና፣ የልጆቹን ጤና፣ የከብቱን ጤና ተጠያይቀን ስንጨርስ፣ ወሬው ሳይጀመር «በይ ሂሳብሽ እንዳያልቅ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ስለዚህ ወረቀት ገዛሁ። ሹፌሩ ኑሪ ቲማቲሙን አራግፎ ነገ ወደ እናንተ ስለሚመለስ እሱ ያደርስልሻል። ሐሴት ቀስ ብላ ታንብብልሽ፤ የሚያስቀው ቦታ ላይ እንዳትቀድምሽ ንገሪያት።

እትዬ፣ ባለፈው ሳይክል መንዳት ጀመርኩ ስልሽ ያልሽኝን አልረሳሁም። በዚህ ዕድሜዬ አስፋልት ላይ ተፈጥፍጬ ስታነሺኝ እንደታየሽ፣ ለባለቤቱ ካልመለስኩም ዓይኔን እንደማታዪ ነግረሽኛል። እኔም ወሩ እስኪያልቅ ታገሺኝ አልኩሽ። ወሩ ይኸው አለቀ። በቃ፣ እንዳለቀ ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ። ቃልሽን እንድታነሺልኝ ነው የምጽፈው።

ከሥር ልጀምር። የምሠራበት ካዛንቺስ ያለው ገስት ሀውስ ዋናዋ ወጥ ሠሪ አግብታ ድሬዳዋ ገባች። ያኔ የባለቤቱ ልጅ፣ ልዩ ትባላለች፣ ጠራችኝና ቁርሱን ለአንድ ወር ያዢና እንይሽ አለችኝ። እንግዶቹ ሳይነሱ እየደረስኩ እሳቱን ካነደድኩ የወጥ ቤቱ ቁልፍ የእኔ ይሆናል። ካረፈድኩ ግን ከሆቴል የሠለጠነ ሰው ታመጣለች፣ እኔም ወደ ሰሃን አጠባዬ እመለሳለሁ። ያን ሁሉ ዓመት እዚያ ቤት ሳጥብ፣ በገዛ እጄ የሠራሁት ጨጨብሳ አንድም ቀን እንግዳ ፊት ቀርቦ አያውቅም ነበር። ስትነግረኝ እጄ ላይ ያለው ሳሙና እንኳ ሳይለቅ እሺ አልኩ።

እሺ ማለቱ ቀላል ነው፣ ከቄራ ካዛንቺስ ጎህ ሳይቀድ መድረሱ ነው እንጂ ጣጣው። በዚያ ሰዓት ታክሲ የለም፤ ሲመጣም ሰልፉ ዙሪያውን ጠምዝዞ ነው የሚጠብቀው። ይህን ሳማርር የሰማው ጎረቤታችን ሥጋ ሻጩ ኢብሮ ነው። ሞተር ከገዛ ወዲህ አሮጌ ሳይክሉ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። ኢብሮ ወፍራም ነው፣ ታውቂዋለሽ። ውሰጂያት አለኝ፣ እኔን ስትሸከም የኖረች ናት፣ አንቺ ለእሷ ላባ ነሽ አለኝ። ወጣሁባት። እግሬ አልረሳም፣ እትዬ። ዝዋይ ያስተማርሽው እግሬ ፔዳሉን ሲያገኝ ራሱ ነው የዞረው።

ካዛንቺስን ዛሬ ብታዪው ሰው አገር የገባሽ ይመስልሻል። መንገዱ ሰፍቶ፣ አበባ ተተክሎ፣ ለሳይክል ብቻ የተቀባ መስመር ሁሉ አለው። ግን ለሳይክል የተባለውን መስመር ከሳይክል በቀር የማይሄድበት የለም። ፍቅረኞች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይንሸራሸሩበታል፣ ስልክ የሚያወራ ሰው መሀሉ ላይ ይገተራል፣ ሞተሩም ከኋላ መጥቶ ያንባርቅብኛል። እሁድ እሁድ ደግሞ ሙሽሮች አሉ። አንዷ ቬሎዋን መስመሩ ላይ ዘርግታ ፎቶ ስትነሳ ደረስኩ። ፎቶ አንሺው፣ «እናት፣ አንዴ ብቻ፣ አለቅን» እያለ ስንት ጊዜ አቆመኝ መሰለሽ። መጨረሻ ላይ ሙሽራው ራሱ ከነሳይክሌ ጠርቶ መሀላቸው አቆመኝ። አሁን በማን ሳሎን ተሰቅዬ እንዳለሁ እንጃ።

ጎረምሶቹ «ማዘር፣ ማርሽ ቀይሪ» ይሉኛል፤ የኢብሮ ሳይክል እንኳን ማርሽ፣ አንድ ፍሬኗም የሚይዘው ሲፈልግ ነው። የገስት ሀውሱ ዘበኛም ቦታው ለእንግዳ መኪና ነው እያለ ሳይክሌን ጓሮ ከከሰል ጆንያው ጋር ያሳድራታል። ቀሚሴ ሰንሰለት እንዳይገባብኝ ከሥር የባለቤቴን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሱሪ እለብሳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነበር። አሁን ለሰው የሚተርፍ ጊዜ የለኝም።

ጭረቷ ጋ ደረስኩ። ቂርቆስ መንገዴ ላይ ነው። በፊት በፊት በታክሲ ሳልፍ ከወንበሬ ብድግ ብዬ ነበር የማማትበው። በሳይክል የመጀመሪያው ቀንም እንደ ልማዴ እጄን አንስቼ ላማትብ ስል መሪው በአንድ እጅ አልታዘዝ አለ፣ ሄጄ የጧፍ ሻጯ ጠረጴዛ ላይ ተዘረገፍኩ። እሷ ጧፏን ትታ እኔን አነሳችኝ። ከዚያ ወዲህ ወርጄ፣ ሳይክሏን አቁሜ፣ ግድግዳውን ተሳልሜ ነው የማልፈው። አንድ ቀን ታዲያ ተሳልሜ ዘወር ስል የሳይክሌን ደወል ፈትተው ወስደውታል። በቅጽበት፣ እትዬ።

ያለ ደወል ደግሞ ማን ዞር ይልልሻል? ይህን ለአከራዬ ለእማማ አስቻለች ሳወራ ተነሱና ከግድግዳ ላይ ጥሩምባ አወረዱ። ሟቹ ባላቸው አቶ ወልደአረጋይ የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ዛሬ ዕድሩ ሰው ሲሞት በስልክ መልእክት ነው የሚለፍፈው፣ ጥሩምባውም እሳቸው ካረፉ ወዲህ ተሰቅሎ አቧራ ጠጥቶ ነው የኖረው። እማማ በቀሚሳቸው ጫፍ ወለወሉልኝና፣ «ለሞት ሲነፋ ኖረ፣ እስቲ ደግሞ ለእንጀራ ይነፋ» አሉ። በገመድ አንገቴ ላይ አሰሩልኝ። ሁለታችንም ደስ ብሎን ቁጭ አልን። ሁለታችንም ምንም አላሰብንም።

ማግስቱ፣ ልዩ በማለዳ የሚሄዱ እንግዶች ስላሉ እኔም እመጣለሁ ያለችበት ቀን ነበር። ገና አልነጋም። በዋዜማው ቀብር ውዬ ስለነበር ጥቁር ነጠላዬን እንደለበስኩ ወጣሁ። የቄራን ውሾች አታውቂያቸውም። ጥጃ ያካክላሉ፣ ሥጋ እየበሉ ነው ያደጉት። ከግቢያችን ስወጣ ተከተሉኝ፣ አንዱ የሱሪዬን ጫፍ ሊይዝ ሲል ሰንሰለቷ ወለቀች። ፔዳሉ ባዶውን ዞረ። ሌላ ምን ላድርግ፣ ጥሩምባውን አፌ ላይ ደግኜ ባለኝ ትንፋሽ ሁሉ ነፋሁት። ውሾቹ እውነትም ሸሹ።

ሰፈሩ ግን ወጣ። በር ሁሉ ተከፈተ። ጋቢ የለበሰ፣ በባዶ እግሩ ያለ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶ የጀመረች፣ ሁሉም ማን ነው የሞተው እያለ ወደ እኔ ይመጣል። እኔ ጥቁር ለብሼ፣ የአቶ ወልደአረጋይን ጥሩምባ ይዤ፣ መሀል መንገድ ቆሜያለሁ። አፌን ከፍቼ ውሻ ነው ለማለት እንኳ ትንፋሽ አጠረኝ። ይባስ ብሎ ጎረቤታችን ሲምረት መጣች። ባሏ ተስፋለም ኦፕራሲዮን ተደርጎ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ደረቷን ይዛ፣ ሰው እየገፋች መጥታ እግሬ ሥር ቁጭ አለች። «የእኔ ነው አይደል? ንገሪኝ፣ የእኔ ነው» አለችኝ።

እትዬ፣ ያን ጊዜ ሥራውም፣ ቁልፉም፣ ልዩም ከጭንቅላቴ ጠፉ። ሳይክሏን ጥዬ እቅፍ አደረግኋት። የእሷ እንዳልሆነ፣ የማንም እንዳልሆነ፣ ውሻ እንደሆነ ብነግራት አልሰማ አለችኝ፤ ለማጽናናት የምዋሽ ነው የመሰላት። በመጨረሻ ኢብሮ ለአስታማሚው ለተስፋለም ወንድም ደወለና ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገላት። ተስፋለም ራሱ ነው ያነሳው። በዚህ ሌሊት ምን ሆነሽ ነው፣ ይልቅ ስትመጪ ሾርባ አምጪልኝ፣ ጨው ያለው ይሁን አላት። ሲምረት ስልኩን ይዛ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ እኔን ሳመችኝ፣ ከዚያ በመዳፏ ትከሻዬን መታችኝ። ያን ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ።

ያልሳቁት የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ ኃይለገብርኤል ብቻ ናቸው። የድሮ አስተማሪ ናቸው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመው፣ የዕድር ንብረት ለውሻ የተነፋበት ሰፈር ሰምቼ አላውቅም አሉ። ጥሩምባውን ከአንገቴ አውልቀው ወሰዱ። እኔም ሰማዩ ሲቀላ አየሁና ያኔ ነው እንባዬ የመጣው። ይቅርታ ጠይቄያቸው፣ ዛሬ ካረፈድኩ የወሩ ልፋቴን ውሃ እንደሚበላው ነገርኳቸው። ኢብሮ ጎንበስ ብሎ ሰንሰለቷን መለሰልኝ። ልወጣባት ስል ከኋላዬ አንድ ሰው ኮርቻውን ያዘ። ዘወር ልል ስል፣ «ወደ ኋላ አትመልከቺ፣ ንጂ» አሉ አቶ ኃይለገብርኤል። ሽማግሌው ጋቢያቸው እየተጎተተ ገፉኝ። ሌሎቹም ገፉኝ። ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።

ቂርቆስን ያን ቀን ብቻ ሳልወርድ አለፍኩት፣ በሆዴ ይቅር በለኝ እያልኩ። መስቀል አደባባይን አልፌ ዳገቱ ጋ ስደርስ ደግሞ መንገዱ ተዘግቷል። የመንግሥት እንግዳ ሊያልፍ ነው ተብሎ መኪናው፣ ታክሲው፣ አውቶቡሱ ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፖሊሱን በነዳጅ የማትሄድ ናት፣ እየገፋሁ በእግረኛው ልለፍ ብዬ ለመንኩት። ነጠላዬን አየና ለቅሶ የምሄድ መሰለው መሰለኝ፣ እግዜር ያጽናሽ ብሎ አሳለፈኝ። ያን ዳገት ሳይክሏን እየገፋሁ ወጣሁት። ማለቴ፣ ግማሹን እኔ ገፋኋት፣ ግማሹን እሷን ተደግፌ ነው የወጣሁት። ደርሼ እሳቱን አነደድኩ። ጨጨብሳው ተነስቶ፣ እንቁላሉ ወጥቶ፣ እንግዶቹ እየበሉ ሳለ ነው ልዩ ከውጭ እያለከለከች የገባችው።

አንቺን እንዴት አሳለፉሽ አለችኝ። ለካ እሷም መኪናዋ ውስጥ ሆና ተዘግቶባት፣ በመስኮቷ አጠገብ ሳይክል እየገፋሁ ስወጣ አይታኛለች። ጠርታኝ አልሰማሁም። አንድ ሽማግሌ እንግዳ ሰሃናቸውን ይዘው ይህን ማን ነው የሠራው ሲሉ ልዩ ወደ እኔ አመለከተች። ወሩ እስኪሞላ አልጠበቀችም፣ ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ እጄ ላይ አደረገችው። ለሳይክሌም ከመኪናዎቹ ጎን ቦታ ይሰጣት ብላ ዘበኛውን አዘዘችው። አሁን ዘበኛው ራሱ ነው በጨርቅ የሚወለውላት።

ዕድሩም እሁድ ተሰብስቦ ጉዳዬን አየ። ጥሩምባው ለእማማ አስቻለች ይመለስና ግድግዳው ላይ ይኑር ተባለ። እኔ በሰፈር ውስጥ ጥሩምባ እንዳልነፋ ተከለከልኩ። ስብሰባው ሲያልቅ አቶ ኃይለገብርኤል ከኪሳቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ሰጡኝ። አዲስ ደወል ነው። የሱቅ ዕቃ ነው፣ የሚያስደነግጥ ድምፅ የለውም አሉኝ፣ ሳይስቁ።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ኮርቻው ከኋላ ሲያዝልኝ ማን ትዝ እንዳለኝ ሳልነግርሽ ታውቂዋለሽ። በሐይቁ ዳር መንገድ፣ በኪራይ ሳይክል፣ ጫማሽን በእጅሽ ይዘሽ ከኋላዬ ትሮጪ ነበር። «ወደ ኋላ አትዪ፣ ይዤሻለሁ» ትዪኝ ነበር። እኔም ይዘሽኛል ብዬ እየነዳሁ ሄጄ ሄጄ፣ ስዞር አንቺ እዚያ ማዶ፣ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ቆመሽ እጅሽን ታወዛውዢ ነበር። ለካ ከለቀቅሽኝ ቆይተሻል። ስላልወደቅኩ ግን አልተቀየምኩሽም። እትዬ፣ አሁንም ጨንቆሽ እንደያዝሽኝ አውቃለሁ። እንደዚያን ቀን ልቀቂኝ። ለጥር ቂርቆስ ነይና እኔ ስነዳ ከአጥሩ ሥር ቆመሽ እዪኝ፤ ከፈለግሽም ከኋላ አስቀምጥሻለሁ፣ ኢብሮን የቻለች አንቺን አታቅትም።

ለጋሽ ቸሩ ጉልበታቸውን ስሚልኝ፣ ማሩን ለሳሉ በኑሪ ልኬላቸዋለሁ። ሐሴትን ሆዷን በእጅሽ ዳብሽልኝ፣ ሴት ከሆነች መንዳት የማስተምራት እኔ ነኝ። ላሚቱም ከወለደች እንኳን ማርያም ማረችሽ በዪልኝ። የዝዋይ ጎረቤቶቻችንን ሁሉ፣ በተለይ ያኔ ሲስቁብኝ የነበሩትን ዓሣ አጥማጆች በሕይወት ያሉትን፣ የሺሃረግ አልወደቀችም ብለሽ ሰላም በዪልኝ።

እህትሽ የሺሃረግ
አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ቄራ
ኅዳር ፲፩ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.