የዳማ ሆድ እንግዶች

ግንቦት 6
ሱሉልታ ዛሬም ብርድ። የእርባታው ከብት ጠባቂ ኦቦ ዲሪርሳ «አከም ቡልቴ?» ብለው እንዴት እንዳደርኩ ጠይቀውኝ ላሟን፣ ዳማን፣ ያዙልኝ። ለምርምር ጎኗ ላይ የተገጠመውን ክዳን ከፍቼ ባክቴሪያዎቹን ጨጓራዋ ውስጥ ጨመርኩ። ከቆላ ለመኖ የሚመጣውን ቅጠል መርዝ የሚያጠፉ ናቸው። ሦስት ወር በጠርሙስ ያሳደግኳቸው... ልጄን እንኳ እንዲህ አላሳደግኩም።

ሆሳዕና ደወልኩ። ልጄ ሀሴት ስልኩን አልቀበልም አለች። «እየተጫወተች ነው» አለችኝ እናቴ። ውሸት አትችልበትም።

ግንቦት 12
ናሙና አየሁ። ቀንሰዋል።

ግንቦት 17
የሉም። አንድም። አስራ አንድ ቀን ብቻ።

ሀሴትም አምና እኔ ጋ የቆየችው አስራ አንድ ቀን ነበር። እህል አልቀምስም ብላ ከሳችብኝ። መልሼ ወሰድኳት። ሆሳዕና መናኸሪያ እንደወረድን «እርቦኛል» አለች።

አለቃዬን ዶክተር ጋሮማን ነገሩ አልገረማቸውም። «የሞላ ቤት ነው፣ ብርሃነሽ። ነባሮቹ ይሻሟቸዋል፣ ሌሎቹ ይበሏቸዋል፣ የተረፈው ከመኖው ጋር ተጠርጎ ይወጣል። ከውጭ የመጣ አይበረክትም።» ስለ ባክቴሪያ ነው ያወሩት። እኔ ግን ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ግንቦት 19
የዳማ ገንዳ ውስጥ ቅጠሉ የለም። ድርቆሽና አተላ ብቻ።
«ኦቦ ዲሪርሳ፣ ቅጠሉስ?»
«መድኃኒት ከሰጠሻት ቀን ጀምሮ ከለከልኳት። ኮሶ የጠጣ ሰው ላይ ከባድ ነገር ይጫናል? ሆዷ ይረፍ ብዬ ነው።»

ልቆጣ ፈልጌ አቃተኝ። አዝነውላት ነው። ደግሞ መቼ ነገርኳቸው? የባክቴሪያዎቹ ዋና ምግብ ሌላው የማይነካው ያ መርዝ ነው። በሰው ቤት አስገብተን ጦማቸውን አሳደርናቸው።

ለዶክተሩ ነገርኩ። «እንደገና እንሞክረዋ» አሉ።

ግንቦት 20
አምና ለሀሴት ምን ነበር የማበላት? ማካሮኒ። ኬክ። ብስኩት። ከተማውን እንድትወድልኝ... ቆጮ ግን አንድ ቀን እንኳ። አከራዮቼ ሸተተን እንዳይሉኝ ፈርቼ። «በሀዲይኛ አታውሪ፣ ልጆቹ ይስቁብሻል» ያልኳትም እኔው ነኝ። ማን ሳቀባት? ማንም።

ኦቦ ዲሪርሳስ ሳያውቁ ነው። እኔ እናቷ ነኝ።

ናፈቀችኝ። የፀጉሯ ጠረን እየጠፋብኝ ነው። ሹራቧን አወጣሁ፣ እሱም የሳሙና ነው የሚሸተው።

ሰኔ 3
ሁለተኛው ሙከራ ተጀመረ። ቅጠሉን ኦቦ ዲሪርሳ ራሳቸው በእጃቸው ያጎርሷታል። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እንግዶችሽ በልተዋል» ይሉኛል።

ሰኔ 14
አስራ አንደኛው ቀን። ናሙናውን አየሁ። አሉ።

ሰኔ 24
ሃያ አንድ ቀን። አሉ፤ እንዲያውም በዝተዋል። ዶክተር ጋሮማ ሁለቴ አዩት።

እናቴ ጋ ደወልኩ። «ሀሴትን ይዘሽልኝ ነይ። ቆጮም አምጪ፣ ብዙ።»
«ደግሞ እንደ አምናው ብትሆንስ?» አለች።
«አላውቅም» አልኩ። እውነቴን ነው።

ሐምሌ 5
መጡ። ዝናብ ደብድቧቸዋል። ሀሴት ረዝማለች። ጉንጬን ሳም አድርጋኝ አያቷ ጀርባ ተደበቀች። አከራዬን ወይዘሮ ገለቴን ስለ ቆጮው ነገርኳት። «ታዲያ ለኛስ የለም?» ብላ ሳቀች። ይህን ስፈራ ነው ዓመቱ ያለቀው?

ሐምሌ 14
እናቴ ብቻዋን ተመለሰች። ሀሴት መናኸሪያው ላይ አለቀሰች። እኔም።

ሐምሌ 16
አስራ አንድ ቀን። ሥራ ላይ ቀኑን ሙሉ ልቤ እዚያው ቤት ነበር።

ሐምሌ 17
አስራ ሁለት።

ሀሴት በረንዳው ላይ ከገለቴ ልጆች ጋር ቆጮ እየተካፈለች በሀዲይኛ መቁጠር ታስተምራቸዋለች። ሲሳሳቱ ትቆጣለች። ቆይታ መጣችና አጠገቤ ቆመች።
«አማ፣ ቆጮው አልቋል።»
በቃ፣ ልትሄድ ነው አልኩ።
«ለአያቴ ደውዪላትና ትላክልን።»

ደወልኩ። ሳልጀምር ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ።