ከገመዱ ሥር ያለው ቀለም

ኦሞት፣

ለኪዳን ጸሎት ስለቸኮልኩ አልቀሰቀስኩህም።

ላንድክሩዘርህ ሲነሳ የሚያቃስተው ከባትሪ አይደለም። ሁለት ባትሪ ቀየርክለት፤ ከቸርቻችሁ ወጣቶች ጋር እጅ ጭናችሁ ጸለያችሁለት። እግዚአብሔርማ ሰምቷል። ለሠርግ አጀባ ብለህ የባትሪውን ገመድ ፈትተህ፣ ሞተሩን ብርማ ቀለም ቀብተህ፣ በቀለሙ ላይ መልሰህ ያሰርከው ግን አንተ ነህ።

ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚወርደውን ጥቁር ገመድ ፍታ። ሥሩን ብረቱ እስኪታይ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅና ብሎኑን አጥብቀህ እሰር። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ራሴ እንዳልሠራው «መኪናዬን እንዳትነካ» ብለሃል።

«ጋሽ ረታ፣ ሞተር እንደምትጠግነው ራዲዮ በጆሮ አይሠራም» ካልከኝ ሁለት ሳምንት ሆነው። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ከጎረቤት ሆኜ ችግሩን እየሰማሁ ዝም አልኩ። ስትለፋ ሳይህም ደስ ይለኝ ነበር፤ እሱ ይቅር ይበለኝ።

ባለፈው ሐሙስ ግን መኪናው ጭራሽ አልነሳ ብሎህ እናትህ ለዓይናቸው ቀጠሮ እንድታመጣቸው ኢታንግ መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ ሲጠብቁህ ዋሉ።

ሐኪሙ ወደ ዛሬ አዙሮላቸዋል። አራት ሰዓት ላይ ነው፤ በጊዜ ውጣ።

ስትመለሱ ቤት እጠብቃችኋለሁ። ይቅርታ የምጠይቀው እሳቸውን ነው። አንተን ገና አስብበታለሁ።

ረታ