የማይሰበረው ኩባያ፦ የዶክተር አማረች አቢሶ የሕይወት ታሪክ

ይህ ታሪክ ከልደታቸው ከመጀመሩ በፊት የባለቤታቸው ቤተሰብ በጉባኤ ፊት ሊናዘዘው የሚገባ አንድ ስህተት አለ። ዶክተር አማረች በሄዱበት ለቅሶ፣ በተጠሩበት ሠርግ፣ በአማታቸው ቤት ሳይቀር፣ ባለ ሰማያዊ ጠርዝ የቆርቆሮ ኩባያ ከቦርሳቸው እያወጡ ከእርሱ ብቻ ይጠጡ ነበር። ቤተሰቡ ይህን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ኩራት አድርጎ ቆጠረው። አማታቸው ወይዘሮ የአለምወርቅ በአንድ ሠርግ ላይ፣ እንግዳው ሁሉ እየሰማ፣ «ምራቴ አውሮፓ ደርሳ ከመጣች ወዲህ የእኛ ብርጭቆ ይቀፋታል» ብለው ነበር። ዶክተር አማረች ፈገግ ብለው ዝም አሉ። ዝምታቸውም ኩራት ተባለ።

ዶክተር አማረች ከአባታቸው ከአቶ አቢሶ ዶሌቦና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለች ሄራሞ፣ በሆሳዕና አቅራቢያ በሚገኝ የገጠር መንደር፣ መጋቢት 12 ቀን 1955 ዓ.ም ተወለዱ። አባታቸው አፈሩን ቆፍረው ያመጣሉ፤ እናታቸው እንስራና ድስት ሠርተው ይተኩሳሉ። የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆን በዚያ ዘመንና በዚያ አገር ምን ማለት እንደነበር ዛሬ ሳይሸፋፈን ይነገር። የወይዘሮ አስካለችን እንስራ ገበያተኛው ተሻምቶ ይገዛዋል፤ ሲጠማቸው ግን ውሃ የሚፈስላቸው በኮባ ቅጠል ላይ ነበር። ባለማወቅ በብርጭቆ የሰጣቸው ሰው ካለ፣ ገና ከደጁ ሳይርቁ ብርጭቆው ሲሰበር ይሰሙ ነበር። መቃብራቸውም ከሌላው ሰው መቃብር የተለየ ነበር። ስለዚህ ልጃቸው በ1962 ዓ.ም ትምህርት ቤት ስትገባ፣ እናት ከደብተርና ከእርሳስ በፊት የገዙላት ያንን የቆርቆሮ ኩባያ ነው።

በሆሳዕና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በከፍተኛ ውጤት አጠናቀው በ1973 ዓ.ም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ከተመረቁ በኋላ በመንግሥት የፕላን መሥሪያ ቤት ሲያገለግሉ ቆይተው፣ በ1984 ዓ.ም የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ቡዳፔስት ተጓዙ። እዚያም ሮማ የሚባሉትን፣ በአውሮፓ ከተሞች ዳርቻ ተገፍተው የሚኖሩትን ሕዝቦች አገኙ። ልጆቻቸው በተለየ ክፍል ሲማሩ፣ ሰፈራቸው ከከተማው ካርታ ውጭ ሲቀር አዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዕድሜ ልክ ሥራቸው የሮማ ሕዝቦችን ወደ ማኅበራዊ ኑሮ ለማካተት የሚወጡ ፖሊሲዎችን መመርመር ሆነ። ከጻፉት ሁሉ ተማሪዎቻቸው በቃላቸው የሚይዙት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ መገለል ከሕግ ላይ ሲፋቅ ሄዶ ቅፅ ላይ ይሸሸጋል። ስለ ራሳቸው መንደር ግን አንድም ገጽ አልጻፉም። የሩቁን ሰው ያወቁ፣ የቅርቡን የረሱ እየተባሉም ታምተዋል።

በ1986 ዓ.ም ወደ አገር ተመልሰው ከመሐንዲስ ፀጋዬ ላምቦሬ ጋር ተጋብተው ፊቤንና ፍሬገነትን ወለዱ። ባለቤታቸው የሚስታቸውን ትውልድ ያውቁ ነበር፤ ለማንም ላይናገሩ ግን ቃል ገብተው ነበር። በ1998 ዓ.ም ቤተሰቡ ወደ ጆሃንስበርግ መጣ። ዶክተር አማረች በዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ፖሊሲ ያስተምሩ ጀመር፤ ቤተሰቡም የሰላም በር መረዳጃ እድር አባል ሆነ። በእድሩ የመመዝገቢያ ቅፅ ላይ «የአባት ጎሳ» የሚል መስመር ነበረ። ቅፅ ምን እንደሚሸሽግ ሌላውን ያስተማሩት ሴት ያንን መስመር በባለቤታቸው ጎሳ ሞሉት። በሕይወታቸው ካፈሩባቸው ነገሮች የሚበልጠው ይህ እንደሆነ በኋላ ለልጆቻቸው ነግረዋቸዋል።

በከተማው ዳርቻ በዛንድስፕሩት ሰፈር ሱቅ የነበራቸው የእድሩ አባል አቶ ምሕረቱ ግን በዚያው መስመር ላይ እውነቱን፣ የሸክላ ሠሪ ወገን መሆናቸውን፣ ጽፈው ነበር። ለዓመታት ያመጣው ችግር አልነበረም፤ የሞተ አባል በአውሮፕላን ወደ አገሩ ስለሚላክ መቃብሩን የሚያየው የለም። በ2012 ዓ.ም ወረርሽኙ ሰማዩን ሲዘጋው እድሩ እዚሁ ከተማ የመቃብር ረድፍ ለመያዝ ተገደደ። በሐምሌ ወር አቶ ምሕረቱ በኮቪድ በአርባ አንድ ዓመታቸው ሲያርፉ፣ ከረድፉ ይቀበሩ ወይስ አይቀበሩ የሚል ክርክር ተነሣ።

ሐምሌ 11 ቀን እድሩ በዙም ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ አቶ ደመላሽ፣ «ምሕረቱ ወንድማችን ነው፣ በክርስቶስ አንድ ነን። መቃብር ግን የአባቶች ነገር ነው፤ ለአገር ቤት ሽማግሌ ምን ብለን እንመልሳለን?» አሉ። ዶክተር አማረች መናገር ጀመሩ፤ ድምፃቸው ግን አይሰማም። «ዶክተር፣ ማይክዎን ይክፈቱት እንጂ! አፍዎ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው» አሏቸው ሊቀመንበሩ። በሃምሳ ሰባት ዓመት ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ የተናገሩትን ቃል የሰማ አልነበረምና ደገሙት፦ «እኔም የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። ቅፁ ላይ ዋሽቻለሁ። ምሕረቱ የማይቀበርበት ረድፍ ለእኔም አይሆንም።»  ከቮስሎሩስ ሰፈር ሱቁ ውስጥ ሆኖ የገባ አንድ አባል ማይኩን ሳይዘጋ ኖሮ፣ በዙሉኛ «ሳውቦና!» ብሎ ሰላምታ እየሰጠ ወደ ሱቁ የሚገባ ደንበኛ ድምፅ ብቻ ተሰማ።

ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ። አስከሬኑ ደግሞ ቀን አይሰጥም ነበር። ዶክተር አማረችና ባለቤታቸው፣ ከጥቂት የዛንድስፕሩት ጎረቤቶች ጋር ሆነው፣ አቶ ምሕረቱን ከእድሩ ረድፍ ራቅ ባለ ቦታ ቀበሯቸው።

ከልጃቸው ጋር ጆሃንስበርግ የሚኖሩት፣ ስብሰባውን ከሶፋው ጫፍ ሆነው ያዳመጡት ወይዘሮ የአለምወርቅ በዚያ ምሽት እራት አልቀመሱም። በማግስቱ ምራታቸውን ጠርተው፣ «አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ስሰድብሽ እንዴት ዝም ትያለሽ?» አሏቸው። ዶክተር አማረችም፣ «እማዬ፣ የእርስዎ ብርጭቆ እንዳይሰበር ብዬ ነው» ሲሉ መለሱ። ወይዘሮ የአለምወርቅ ብዙ አለቀሱ። ቀጥሎም በዚያ ኩባያ ውሃ እንዲቀዳላቸው ጠይቀው ጠጡ።

ዶክተር አማረች ከዚያ በኋላ የነበሯቸውን ወራት ስለ መንደራቸው በመጻፍ አሳለፉ፤ ጽሑፉ ሳያልቅ ቀርቷል። ታኅሣሥ 24 ቀን 2013 ዓ.ም በኮቪድ ታመው ሆስፒታል ገቡ። ጠያቂ ስለማይፈቀድ፣ ኩባያውን ነርሶች ተቀብለው አስገቡላቸው። በስልክ የተናዘዙት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያ መስመር ከቅፁ ካልተሰረዘ እድሩ እንዳይቀብራቸው፣ ቦታቸውም ከአቶ ምሕረቱ አጠገብ እንዲሆን። ጥር 6 ቀን 2013 ዓ.ም ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ባለቤታቸው አቶ ፀጋዬ፣ ልጆቻቸው ፊቤና ፍሬገነት፣ እናት የሆኗቸው አማታቸው ወይዘሮ የአለምወርቅ፣ ያስተማሯቸውም ብዙዎች በሐዘን ቀርተዋል። ውሃ በኮባ ቅጠል ለሚሰጣቸው ሁሉ የሕይወትን ውሃ ያፈሰሰው ጌታ ነፍሳቸውን በማዕዱ ያስቀምጥ፤ ለቤተሰቡም መጽናናትን ይስጥ።

ጥር 8 ቀን እድሩ ዳግመኛ ተሰብስቦ «የአባት ጎሳ» የሚለውን መስመር ከቅፁ ሰረዘ። አዲሱንም ረድፍ ከአቶ ምሕረቱ መቃብር እንዲጀምር ወሰነ። የዶክተር አማረች መቃብር ሁለተኛው ነው።