በኢንተርኔት ተምሬ በአካል ስለ መቅረቴ

ለክቡር አቶ ሽብሩ፣
የኮሌጅ ምሩቃንን በኢንተርኔት ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ ማሸጋገሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ፕላቶ ዱ ሰርፓን፣ ጅቡቲ

ነሐሴ 2007 ዓ.ም.

ክቡርነትዎ በዚህ በነሐሴ ወበቅ እንደምን ሰነበቱ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ከእርስዎ ጤና ቀጥሎ የቢሮዎን ማቀዝቀዣ ጤና አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ እሱ የታመመ ቀን ጽሕፈት ቤቱ እንደሚዘጋ አውቃለሁና።

ናዒማ ጀላሉዲን እባላለሁ። በማዕከላዊ ገበያ በአክስቴ በሙንተሃ የጨርቅ ሱቅ እየሠራሁ፣ አገር ቤት ያለው ዩኒቨርሲቲ ለእኛ ለዲፕሎማ ምሩቃን የሚሰጠውን የመሸጋገሪያ ትምህርት የተከታተልኩ ተማሪዎ ነኝ። ባለፈው ሳምንት በፈረሙት ደብዳቤ፣ ሰባ ሁለት ቀን ስለቀረሁ የመሸኛ ደብዳቤ እንደማይጻፍልኝ አስታውቀውኛል፤ ያለ እሱ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው አይመዘግበኝም። ለዚህ ውለታዎ በአደባባይ ላመሰግንዎ ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መዝገብዎ። ትምህርቱ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። እርስዎም በጥበብዎ ተማሪ ሁሉ ልክ በሦስት ሰዓት ቢሮዎ ኮሪደር ላይ ተገኝቶ እንዲፈርም አዘዙ። አስተማሪው በኮምፒውተር፣ ተማሪው በኮሪደር፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው። እኔ ምስኪኗ ላሟ ወደ ዋለችበት ሄድኩ፤ ገበያው አጠገብ ባለው የኢንተርኔት ቤት ማዳመጫ ሰክቼ አንድም ቀን ሳላጓድል ተማርኩ፣ በትምህርቱም ከመቶ ሰማንያ ሰባት አመጣሁ። የቀረ ሰው ይህን ውጤት ከየት እንዳመጣው ቢያጣሩልኝ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ፣ አብሮኝ ስለተመዘገበው ስለ ቶላ። ቶላ ከሃያብለ ሰፈር በሁለት አውቶቡስ እየመጣ ሰባ ሁለቱንም ቀን ፈረመ፤ ትምህርቱን ግን አንድም ቀን አላየም። የመሸኛ ደብዳቤው ትምህርቱ ባለቀ በማግስቱ «ትጉህ ተማሪ» ተብሎ ተጻፈለት። ሐቀኛ ልጅ ነውና ደብዳቤውን ይዞ ሱቃችን መጣና፣ የመግቢያ ፈተናው ላይ ተቀምጬ ምን ልጽፍ ነው ብሎ አንገቱን ደፋ። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም፤ በእሱ ሳይሆን በእርስዎ። ከዚያ ወዲህ ዐርብ ዐርብ በጨርቅ ጣቃዎቹ መካከል ተቀምጦ ከደብተሬ ያጠናል። ስድስት ሌሎች ፈራሚዎችዎም ተከትለውት መጥተዋል። ማንም አያስፈርማቸውም፣ ማንም አይቀርም።

ሦስተኛ፣ ለእኛ ለተማሪዎች ተብለው ስለመጡት አራት ኮምፒውተሮች። አቧራ እንዳይነካቸው በጥልፍ ጨርቅ ሸፍነው ስላኖሩልን እናመሰግናለን። ጨርቁን ለክቼ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ አክስቴም የሙሽራ ቤት ሊያስጌጡበት መስሏት መርቃ ነው የሸኘችዎ። እስከ ዛሬ ግን የሙሽሮቹን ፊት የገለጠ የለም።

አራተኛም ነበረኝ። ነገር ግን ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ጫት ከገባ በኋላ ቢሮዎ ወረቀት እንደማይቀበል ስለማውቅ ልተወው።

ክቡር ሆይ፣ ልለምንዎ አልጻፍኩም። አስተማሪያችንን ብጠይቃቸው፣ በየትምህርቱ መገኘቴን ኮምፒውተሩ ራሱ ቀን በቀን እንደመዘገበ ገልጸው፣ የፊታችን እሑድ የመግቢያ ፈተናውን እንደ ሌሎቹ እዚሁ ጅቡቲ ሆኜ እንድፈተን ፈቅደውልኛል። የሚቀረኝ የእርስዎ ደብዳቤ ብቻ ነው። ከጻፉልኝ እሰየው። ካልጻፉልኝ ደግሞ ያልጻፉበትን ምክንያት በፊርማዎና በማኅተምዎ አረጋግጠው ይስጡኝ፤ ከውጤቴ ጋር አያይዤ ለዩኒቨርሲቲው እልከዋለሁ። ከሁለቱ አንዱን ሳልይዝ ከኮሪደርዎ አልነሣም፤ ያን ጊዜ መገኘቴን እንኳ የሚጠራጠር አይኖርም።

ለመዝገብዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማኅተምዎ የማይደርቅ ቀለም፣ ለማቀዝቀዣዎ የማያቋርጥ መብራት እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ቀሪዋ ተማሪዎ
ናዒማ ጀላሉዲን

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ አስቀድሜ በኢሜይል ልኬልዎ ነበር። ጸሐፊዎ በአካል ያልቀረበ ደብዳቤ አይነበብም ስላሉኝ፣ ላላፊ አግዳሚውም እንዲመች በርዎ ላይ ለጥፌዋለሁ። ትምህርቱ ቢያልቅም መዝገብዎ አያርፍምና፣ እሑድ በሦስት ሰዓት ሲከፍቱት በስሜ አንጻር እንደ ልማድዎ «ቀሪ» ብለው ይጻፉልኝ፤ በቶላና በስድስቱም ስም አንጻር እንዲሁ። ስምንታችንም ፈተና ላይ ነን።